በሰሜን ሐይቅ፦ በጣና ዳር የአንድ ወሰን ጉዳይ

ክርክር የተነሣበት ቁራሽ መሬት 1,800 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ ነው። በዚህ ቁራሽ የተነሣ ከባሕር ዳር ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ሁለት ኩታ ገጠም ባለይዞታዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ተነፋፍገው ከርመዋል። አንዷ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ስለሚላቸው እኔም እዚህ ላይ እንዲሁ እላቸዋለሁ። ሌላው መሬቱን ከአባቱ የወረሰ ጎልማሳ ነው። በሠርጉ ቀን ወጡን የሠሩለት እማማ ናቸው፤ የባላቸውን አስከሬን ከተሸከሙትም አንዱ እርሱ ነበር። እንዲህ ያለ ጉርብትና ሲበላሽ ከባዳ ጠብ ይከፋል።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኔ የማውቀው በሽማግሌዎቹ ጸሐፊነት ነው። የመሬት ልኬታ ሙያ የለኝም፤ የተመረጥኩት ከሁለቱም ወገን ዘመድ ስላልሆንኩና የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ብቻ ነው።

ክሱ አጭር ነበር። እማማ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ «ድንበሬን ገፋብኝ» ብለው አመለከቱ። እርሱ «ድንጋዮቹ በቦታቸው ናቸው፤ አንድ ስንዝር አልገፋሁም» ብሎ መለሰ። ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ ድንጋዮቹን አየ፤ በቦታቸው ናቸው። የጎልማሳውን ሽንኩርትም አየ፤ እማማ የእኔ ነው ባሉት ላይ ተተክሏል። ሁለቱም እውነት ሲናገሩ ዳኝነት ይቸግራልና ጉዳዩን ወደ ሽምግልና መራው። ይህ ከሕጉም ጋር ይስማማል። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የይዞታ ክርክር በቅድሚያ በባለጉዳዮቹ ስምምነት እንዲያልቅ፣ ያ ካልሆነም ራሳቸው በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ በር ከፍቶ ነበር።

ደብተሩ ያልያዘው

ሁለቱም አረንጓዴው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በእጃቸው አለ። በእማማ ደብተር ላይ የእርሳቸውና የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ በአማራ ክልል የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ የሚመዘገበው በሁለቱም ስም ስለሆነ ነው። ከውስጥ የማሳው አዋሳኞች በአራቱ አቅጣጫ ተጽፈዋል፦ በደቡብ መንገድ፣ በምሥራቅ ፈፋ፣ በምዕራብ የጎረቤታቸው አባት ስም፣ በሰሜን ሐይቅ።

ሦስቱን አዋሳኞች ሄዶ መንካት ይቻላል። አራተኛው ግን በአንድ ቦታ አይቆምም። ጣና በየዓመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ መጨረሻው ድረስ ይጎድላል። ዳርቻው ቁልቁለት በሆነበት ቦታ ይህ ልዩነት ድንጋይ ላይ የሚቀር መስመር ብቻ ነው። እዚህ ግን ዳሩ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ያቺ ሜትር ተኩል ተዘርግታ 120 ሜትር ትሆናለች።

ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን ደለል የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ድሮ ከብት ይሰማራበት፣ ደንገል ይታጨድበት፣ ውኃው በለቀቀ ቁጥር በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት በር ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የውኃውን ከፍታ የሚወስነው ሰማይ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያም ከሐይቁ በዋሻ ውኃ እየሳበ ወደ በለስ ይለቃል። በመካከሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ የጀልባ ትራንስፖርት ለወራት ተስተጓጉሎ ነበር። ብዙ ገበሬ ውኃውን ተከትሎ ወደ ሐይቁ ወለል የወረደው ያን ጊዜ ነው። የእኛም ጉዳይ ሥሩ እዚያ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

መሬቱ ሲመዘገብ በገመድ የለኩት ሰዎች ከመንገዱ ተነሥተው ሦስተኛው የወሰን ድንጋይ ላይ ሲደርሱ አቁመዋል። ድንጋዩ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ውኃው በመስከረም ከሚደርስበት ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን «ሐይቅ» ብለው ዘጉት። አልወቅሳቸውም፤ ውኃ ውስጥ ድንጋይ አይተከልም። በኋላ የመጣው ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደብተርም ቢሆን ይህን ችግር አይፈታውም ብዬ አምናለሁ። ከአየር የተነሣ ፎቶ የሚያሳየው ፎቶው የተነሣበትን ቀን ሐይቅ ነው።

ሁለቱ የተለያዩት ከሦስተኛው ድንጋይ ወዲያ ወሰኑ በየት ይሂድ በሚለው ነው። ሦስቱ ድንጋዮች ከመንገዱ ወደ ውኃው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ መስመሩ ግን ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እማማ ያዘነብላል። ጎልማሳው ያንኑ መስመር ሳያጥፍ ወደ ውኃው ቀጠለው። እማማ ደግሞ «ከሾላው ፊት ለፊት ወደ ውኃ ነው የሚወርደው» አሉ። በግንቦት፣ ውኃው መጨረሻ ላይ በቆመበት ጊዜ፣ የሁለቱ መስመሮች ጫፍ በ30 ሜትር ይራራቃል። 120 ሜትር ቁመትና 30 ሜትር ወርድ ያለው ሦስት ማዕዘን ማለት ነው።

ዙሩ

ሽማግሌዎቹ አምስት ናቸው። እማማ ሁለት፣ ጎልማሳው ሁለት መረጡ፤ አራቱ ተስማምተው አምስተኛውን፣ አንድ መሪጌታ፣ ሰብሳቢ አደረጉ። የመጀመሪያው ስብሰባ በጥር ነበር፤ ነገሩ ቤት ውስጥ እንዲያልቅ የፈለገ ሰው አልታጣም። ከአምስቱ አንዱ፣ በወጣትነቱ ደንገል እያጨደ ታንኳ ይሠራ የነበረውና ሁሉም አያ የሚለው ሽማግሌ ግን አልተቀበለም። «ውኃው ገና በመንገድ ላይ ነው። መጨረሻው ቦታ ይድረስና እንረግጠዋለን» አለ። ቀጠሮው ለግንቦት ሆነ፤ ያች ዓመት ሽንኩርት እንዳይተከልባት ሁለቱም ዋስ ጠሩ።

ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመንገዱ ጀመርን። ከፊት መሪጌታው በመቋሚያቸው እየነኩ፣ በግራና በቀኝ ሁለቱ ባለጉዳዮች፣ ከኋላ የማይገባውም የሚገባውም። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ወበር ከአንድ ሰው እግር ብዙም አይሰፋም፤ ሣሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እዚህም እዚያም ሰንሰል ተተክሎበታል። መንገድ መንገዱን የሚወራው ስለ ወሰን አልነበረም። የማን በሬ የት እንደ ሰበረ፣ በየትኛው ዓመት ጉማሬ ወጥቶ የማንን በቆሎ እንደ በላ ነበር የሚወራው። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ቦታውን የሚያውቁት በጨዋታ ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲጨርስ ሁለቱም ስለ አንድ ቦታ መናገራቸው ይረጋገጣል።

ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ስንደርስ አያ ተንበርክኮ በቢላዋ ጫፍ ዙሪያውን መጫር ጀመረ። አፈሩን እስከ አንድ ክንድ ገለጠው። ከመሬት በላይ ያለው የድንጋዩ ገጽታ ሽበት መሳይ ግራጫ ነገር ለብሷል፤ ከመሬት በታች ያለው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ነጫጭ የሣር ሥር እንደ ክር ተጣብቆበታል። በሁለቱ መካከል አንድ መስመር ዞሮታል። አያ መስመሩን በአውራ ጣቱ እየተከተለ ዙሪያውን ዳሰሰና ሁላችንንም እየጠራ አሳየን፦ ድንጋይ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ቢተከል፣ ወይም ቀና ጎንበስ ቢደረግ፣ ሁለት መስመር ይታይበት ነበር። አፈሩን መልሶ በእግሩ ጠቀጠቀው። «ከተተከለ ወዲህ አልተነካም» አለ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ገፋ የምትለው ቃል ከክርክሩ ወጣች። ማንም እንድትወጣ አላዘዘም። እንደ እኔ ግምት የጉዳዩ ግማሽ ያለቀው እዚያ፣ ሾላው ሥር ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሒሳብ ነው።

ከሾላው ወዲያ መሬቱ ሌላ ነው። ደለሉ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ የመቋሚያ ጫፍ ይውጣል፤ በየቦታው ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና የደረቀ እንቦጭ ተነጥፏል። እዚህ ሰንሰል የለም፤ ወበርም የለም። እማማ መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ጎልማሳው ዞሩ። ከጠቡ ወዲህ በስሙ ሲጠሩት ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስሙን ትቼ ቀሪውን ልጻፍ።

«አባትህ ከዚህ ሾላ አልፎ አርሶ ያውቃል?»

«ያውቃል እንጂ እማማ። በ95 ውኃው የሸሸ ጊዜ። ከባለቤትዎ ጋር አብረው ነበር።»

«አብረው!» አሉ እማማ፤ ለሽማግሌዎቹ ነው። «ሰማችሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለቱ ሟቾች አንድ አንድ በሬ ነበራቸው። በመቀናጆ አጣምደው ባሕር ሸሹን ከፈፋው እስከ ከብት መውረጃው፣ ማለትም በጎልማሳው ማሳ ምዕራባዊ ጫፍ ከብት ወደ ውኃ እስከሚወርድበት መንገድ፣ አንድ ላይ አረሱት፤ ጓያውንም ወቅተው ተካፈሉት። በሚቀጥሉትም ዓመታት እንዲሁ። ማሳው አንድ፣ እርሻው አንድ፣ አውድማው አንድ ስለነበር በመካከሉ ወሰን የሚያስፈልግበት ምክንያት አልነበረም። ሁለቱም ሲሞቱ ልጁ የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዛ፤ ጓያው ቀርቶ ሽንኩርት መጣ፤ በሬ መቀናጀትም ቀረ። ስለዚህ ሁለቱ የሚፈልጉት የጠፋ ወሰን አይደለም፤ ቀድሞም ያልነበረ ወሰን ነው። መሪጌታው ይህን ሲረዱ ለእኔ ያሉት «የአባቶቻችሁ ወሰን ብለህ እንዳትጽፍ» ነው። አልጻፍኩም።

ከፊትህ ብላ

ጎልማሳው ለራሱ ያቀረበው ማስረጃ ደካማ አልነበረም። ሦስት ድንጋይ አንድ መስመር ከሠራ አራተኛው በዚያው ይቀጥላል ቢባል ማን ይቃወማል? መልሱ ያለው ዳርቻው ላይ ነው። የሐይቁ ዳር እዚያ ቦታ ወደ የብስ ገባ ብሎ ቀስት ሠርቷል። ውኃው ሲሸሽ ወደ ቀስቱ አፍ ስለሚጠብ አዲሱ የውኃ ጠርዝ ከአሮጌው ያጥራል። ሽማግሌዎቹ በገመድ ለኩት። በመስከረሙ ጠርዝ ላይ ከፈፋው እስከ ሾላው፣ የእማማ ድርሻ፣ 60 ሜትር ነው፤ ከሾላው እስከ ከብት መውረጃው፣ የጎልማሳው፣ 90 ሜትር። ድምሩ 150። በግንቦቱ ጠርዝ ላይ ግን ከፈፋው እስከ መውረጃው ያለው 125 ሜትር ብቻ ነው። ሁሉም የራሱን ሙሉ ስፋት ይዞ ልውረድ ቢል ቦታው አይበቃም።

አያ ይህን በገበታ አስረዳ። ትሪ ከበው የተቀመጡ ሰዎች ሁሉም እጃቸውን ቀጥ አድርገው ቢዘረጉ መሃል ላይ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ልጅን መጀመሪያ የምናስተምረው ከፊትህ ብላ ብለን ነው። ጎልማሳው ቀና ብሎ ሳቀ፤ ሲያድግ ከእማማ ገበታ ሳይቀር ይህን ተብሏል።

እማማም ግን ሙሉ በሙሉ አልረቱም። እርሳቸው እንዳሉት ቢሆን ኖሮ ከ125ቱ 60ውን ይዘው የማጠሩ ጉዳት ሁሉ በጎረቤታቸው ላይ ይወድቅ ነበር። እርሱ እንዳለው ቢሆን ደግሞ ለእርሳቸው 30 ሜትር ብቻ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ድሮ የደንገል ዳር ሲካፈሉ ይሠሩ ነበር ያሉትን ስሌት አመጡ፤ የዳር ስፋት በስፋት። 60 እና 90 ማለት ሁለት እጅና ሦስት እጅ ነው። ገመዱን በአዲሱ ጠርዝ ላይ ዘርግተው ቆረጡት፤ ለአምስት አጠፉት፤ ከፈፋው ጀምረው ሁለት እጥፍ ቆጥረው ካስማ ተከሉ። 50 ሜትር ለእማማ፣ 75 ሜትር ለጎልማሳው። ካስማው ከእማማ መስመር 10፣ ከእርሱ መስመር 20 ሜትር ይርቃል። ከ1,800ው ካሬ ሜትር 1,200ው ለእማማ፣ 600ው ለእርሱ ሆነ።

የገመዱ እጥፋት ከሁሉ ነገር በላይ የወደድኩት ክፍል ነው። ካስማው በክረምቱ ውኃ ይነቀላል፤ ካልተነቀለም ማገዶ ይሆናል። ድንጋይ ቢቀመጥ ደለል ይውጠዋል። ደግሞም ውኃው በየዓመቱ ያው ቦታ ላይ አይቆምም፤ አንዳንድ ዓመት 120 ሜትር፣ አንዳንድ ዓመት 40 ሜትር ብቻ ይሸሻል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የተጻፈ ቁጥር በዓመቱ ሐሰት ይሆናል። ለአምስት የታጠፈ ገመድ ግን ውኃው የትም ይቁም የት ያገለግላል፤ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ሁለቱም ሰዎች በየዓመቱ እዚያው ተገኝተው ጫፍና ጫፉን እንዲይዙት ነው።

ውሉ በዚህ መሠረት ተጻፈ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለሚደነግግ፣ ሽማግሌዎቹም ባሕር ሸሽን ለማንም ይዞታ አድርገው መስጠት ስለማይችሉ፣ «ለአጠቃቀም ብቻ» የሚለውን መሪጌታው ሁለት ቦታ አስገቡ። የሚያፈርስ ሰው የሚከፍለው የገንዘብ ገደብ ተወሰነ፤ ዋስ ተጠራ። የመጨረሻው ቃል ግን ዙሩን የሚመለከት ነው፦ በየዓመቱ በግንቦት፣ ሁለቱም ወገን ባለበት፣ ከመንገዱ እስከ ውኃው ወሰኑ ይዞራል፤ ከየቤቱም ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ ይሄዳል።

ልጆች ለምን? በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመናት የቆየ ልማድ አለ። ከዕርገት በዓል በፊት ባሉት ቀናት ካህኑና የአጥቢያው ሰው የአጥቢያቸውን ወሰን በእግር እየዞሩ ምልክቶቹን በዘንግ ይመታሉ። ካርታ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ልጆችን ይዘው ወጥተው በየድንጋዩ ላይ ይገርፏቸው ወይም ያጋጯቸው ነበር፤ ቦታው ከሕመሙ ጋር እንዳይረሳቸው። ዛሬ ልማዱ በተረፈበት ቦታ ከሽርሽር ብዙም አይለይም። ይህን ለመሪጌታው ባጫውታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የእርሳቸው ሐሳብ በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ለልጆቹ ዳቦ መቁረስ ነበር፤ ልጅ ከተመታበት ቦታ ይልቅ የበላበትን አይረሳም ባይ ናቸው። ማን ትክክል እንደሆነ የሚታወቀው እነዚያ ልጆች ሲሸመግሉ ነው፤ ዳቦው ግን ጥሩ ነበር።

ከውሉ በኋላ

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዙሮች ላይ እየተጋበዝኩ ሄጃለሁ። አሁን ሥራነቱ እየቀነሰ ቀን መዋያ እየሆነ ነው። እማማ ጠላ ይጠምቃሉ፤ የጎልማሳው ሚስት ዓሣ ትጠብሳለች፤ ገመዱ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከገበታው ጊዜ ያንሳል። በከተማ የሚኖሩ የሁለቱም ቤት ልጆች ያን እሑድ ጠብቀው መምጣት ጀምረዋል። የባሕር ዳር ሰው በእረፍት ቀኑ መራመድ ይወዳል፤ የሐይቁን ዳር ይዞ ይሄዳል፣ ቤዛዊት ይወጣል፣ በጀልባ ዘጌ ተሻግሮ በቡናው ጥላ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነኝ። ሆኖም በራስ ይዞታ ጠርዝ ላይ ከጎረቤት ጋር መራመድ ሌላ ነገር እንደሆነ ያየሁት እዚህ ነው። ወደ ዕይታ ቦታ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ያለውን ያያል፤ ወሰን የሚዞር ሰው ከእግሩ ሥር ያለውን። የተናደ የፈፋ ዳር፣ አዲስ የበቀለ እንቦጭ፣ ወበሩን የበላ ሞፈር ሳይውል ሳያድር ይታያል፤ ገና ትንሽ እያለም ይነገራል።

አንድ ዓመት ውኃው ብዙም ሳይሸሽ ቀረ። ከሾላው አርባ ሜትር ያህል ወርደን ቆምን፤ ገመዱም እዚያው ታጠፈ። ጎልማሳው ያን ዓመት ሽንኩርቱን ትቶ ሽምብራ ዘራ። እማማ የደረሳቸውን ለእርሱ በእኩል ሰጥተውታል፤ ሞተሩ የእርሱ፣ ዘሩ የእርሳቸው።

ያላለቀው የከብት መውረጃው ነገር ነው። ከመውረጃው ማዶ ያለው ባለይዞታም ሽንኩርት ጀምሯል፤ በሁለት በኩል በመደብ እየተበላ መንገዱ ጠብቧል። ባለፈው ዙር ላይ ባለከብቶቹ መጥተው ገመዱ እነርሱም ዘንድ እንዲደርስ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ተቀብለው ቀጠሮ ሰጥተዋል። ባለከብቶቹ ግን ስፋቱ በእጥፍ ተቆጥሮ እንዲሰጣቸው አይፈልጉም፤ ሁለት ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ካላለፈበት መውረጃ አይባልም፣ በሬዎቹንም ራሳችን እናመጣለን ብለዋል።